ላሟ የማን ናት

ኤብላ በዕድሜዋ አንድ ውሸት ዋሸች፤ ሰው ሁሉ ያመናት እሱን ነው። እውነቱን በተናገረች ቀን ግን የሚሰማት ጠፋ። ዛሬ ይህ ወሬ ሲነሣ ጎረቤቷ ንጋቷ "ወይ ነዶ" ትላለች። ኤብላ ግን ሻሿን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ የወተት ጀሪካኗን ማጠቧን ትቀጥላለች።

ጅግጅጋ ውስጥ ወተት የምትሸጥ ሴት መዓት ናት። ውሃ የማትጨምረዋን ግን በመብራት ነው የምትፈልጓት። ኤብላ ከእነዚያ አንዷ ነበረች። ንጋቷ ከሸዋ መጥታ ገበያው አጠገብ ቁርስ ቤት የከፈተች ሴት ናት፤ ሰው አታምንም፣ ዳቦ ጋጋሪውን እንኳ በየቀኑ ትጨቃጨቀዋለች፤ የኤብላን ወተት ግን አንድ ቀን ቀምሳው አታውቅም። ተቀብላ ወደ ድስቱ ነው። ሌሎቹም ደንበኞች እንደዚያው ናቸው፤ "ኤብላ ነው ካለች ነው" ይላሉ። ባሏ ሲሞት ጥሎላት የሄደው ጥቂት ላሞች ነበሩ፤ ይህን ስም ግን ራሷ ነበረች ያፈራችው፤ ልጆቿንም በሁለቱ አሳደገች።

ከላሞቹ ሁሉ ዐዴይ የምትባለዋን ትወድዳት ነበር። ዐዴይ ማለት ነጯ ማለት ነው። መልኳ ያን ያህል አልነበረም፤ ቀንዷም አንዱ ወደ ታች የዞረ ነው። ግን ለመታለብ ገራም፣ ወተቷ ወፍራም፣ ጥጃዋን የማትተው ላም ነበረች።

ወንድሟ ዐብዲናስር ከአውበሬ ከተማ ወጣ ብሎ ባለች መንደር ይኖራል፤ ያርሳል፣ ከብትም ያረባል። እናታቸው ስትሞት ገና ይድህ ነበርና አዝላ ያሳደገችው ኤብላ ናት። ከድርቁ በፊት በነበረው ዓመት ላሞቹን በሽታ ፈጀበት። ሚስቱ ሳብሪን ደግሞ አራስ ነበረች፤ ቤቱ ውስጥ ለሻይ የሚሆን ወተት እንኳ አልነበረም። ኤብላ ይህን ስትሰማ አላመነታችም። ዐዴይን ከነጥጃዋ በአይሱዙ ጭና ላከችለት።

ሶማሌ ይህን ኢርማንሲ ይለዋል። ያለው ሰው የምትታለብ ከብት ላጣ ዘመዱ በውሰት ይሰጣል። ተቀባዩ ወተቷን ይጠጣል፤ ላሟም የምትወልደውም ግን የሰጪው ነው። ዘመዱ እግሩን ሲተክል ላሟ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ፊርማ የለ፣ ቀጠሮ የለ። "የኔ መሆኗን ጻፍልኝ" ብሎ ወንድሙን የሚጠይቅ ሰው ቢገኝ አገር ይስቅበታል፤ ወንድምየውም ቢቀየም ማንም አይፈርድበትም።

ከዚያ በ2014 ዓ.ም. ሰማዩ ተዘጋ። ዝናቡ ይመጣል ሲባል አለፈ፤ በሚቀጥለው ወቅት ሲባል እሱም አለፈ። ከተማ ውስጥ ላም ማርባት ማለት መኖ መግዛት ነው፤ ገለባው ከሰው ምግብ በላይ ተወደደ፣ ፉርሽካ የሚባለው የስንዴ ገለፈት ደግሞ ከነጋዴው መጋዘን ሳይወጣ በስልክ ይሸጥ ጀመር። ኤብላ የጆሮ ወርቋን ሸጠች፤ አልሆነም። ካርቶን በውሃ ነክራ አበላች፤ አልሆነም። ላሞቿ አንድ በአንድ ግቢዋ ውስጥ ተኝተው ቀሩ። የመጨረሻዋ ስትወድቅ ኤብላ አላለቀሰችም፤ በጣም ተናድዳ ነበር፣ በማን እንደሆነ ግን አታውቅም።

ቀረች ዐዴይ። እሷም አውበሬ ነች፣ እሷም ከስታለች፣ ጥጃዋ ሞቷል። ዐዴይ ከሞተች ኤብላ ባለከብት መሆኗ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሰው ወተት ተቀብላ የምትቸረችር ሴት ብቻ ናት። በእሷ ወገን ከብት አልባ መሆን ድህነት ብቻ አይደለም፤ ሰው ፊት ስትናገሪ ድምፅሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ሌት ተቀን የምታስበው ያችን አንዲት ላም ነበር።

መንግሥት ለከብት አርቢው መኖ ሊያድል ነው የሚለው ወሬ ጅግጅጋ የገባው በዚህ መሀል ነው። በሬዲዮ ተነገረ፣ በስብሰባ ተነገረ፣ ወር አለፈ፤ አንድ እስር ሣር ግን የለም። ንጋቷ ታሾፍባት ነበር።

"ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" አለቻት አንድ ጠዋት፣ ኤብላ ከሰው ተረክባ ያመጣችውን ወተት እየተቀበለች። "ተዪው ኤብላዬ፣ ይህ መኖ እኛ አርጅተን ነው የሚመጣው።"

"ይመጣል" አለች ኤብላ። "ብቻ ከላሚቱ ሞት በፊት ይምጣ።"

መጣም። የብዙ ሰው ከብት ካለቀ በኋላ ቢሆንም መጣ። ግን ከነደንቡ ነው የመጣው። በሌላ ወረዳ የከተማ ነጋዴዎች ከብታቸውን በመኪና እየጫኑ መኖ ማከፋፈያው ደጅ አራግፈው ሣሩን ስለጨረሱት፣ አውበሬ ላይ አዲስ ትእዛዝ ወጣ። መኖ የሚሰጠው ለቀበሌው ነዋሪ ለራሱ ከብት ብቻ ነው፤ የከተማ ሰው ከብት አንድ እስር አያገኝም። ደንቡን ያወጣው ሰው ሌባን አስቦ ነው። ኢርማንሲ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የሚነግረው አልነበረም፤ ቢነግሩትም የት ቦታ ሊያስገባው!

ዐብዲናስር በዚያው ቀን ደወለ። "አባዮ፣ ነይ" አላት፤ እኅቴ ማለቱ ነው። "ዐዴይ ያንቺ መሆኗን የሚያውቅ አለ። አንድ ምቀኛ መኖውን ለሚያድለው የእንስሳት ባለሙያ ነግሮታል። ራስሽ መጥተሽ የወንድሜ ናት ካላልሽ ላሟ በዚህ ሳምንት ትሞታለች።"

ኤብላ በማግስቱ አውበሬ ነበረች። ከቀበሌው መጋዘን ፊት ለፊት ሰው ከከብቱ ጋር ተሰልፏል። ከብት ከተባለ ነው እንግዲህ፤ አጥንት በቆዳ ተሸፍኖ ቆሟል። የእንስሳት ባለሙያው ጁነይድ የሚባል የሐረር ልጅ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፣ የተሰጠውን ደንብ ይዞ የሚላብ ሰው ነበር። አጠገቡ የአካባቢው ሽማግሌ ኦዳይ ሳማታር ተቀምጠዋል። የማን ከብት የማን እንደሆነ ጁነይድ ስለማያውቅ፣ የሚመሰክሩለት እሳቸው ናቸው።

ከኤብላ ፊት ዐብዲራሺድ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁለት ላሞች ይዘዋል።

"የርስዎ ናቸው?" አለ ጁነይድ።

"አይደሉም ልጄ። የአማቼ ናቸው፤ ሐርተሼክ ከተማ ነው የሚኖረው። ወተቱን እንድጠጣ ብሎ ነው የሰጠኝ።"

ጁነይድ አንገቱን ደፋ። "ለነዚህ መስጠት አልችልም አባቴ። ደንቡ ነው።"

ሽማግሌው አልተከራከሩም። ላሞቻቸውን ይዘው ዞር አሉ። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ "ምን ዓይነት ሞኝ ናቸው" ሲል ተሰማ። እውነቱን ለመናገር ኤብላም በሆድዋ ያንኑ ነው ያለችው።

የኤብላ ተራ ደረሰ። ጁነይድ ወደ ዐዴይ እያየ "ይህች ላም የከተማ ሴት ንብረት ናት ተብያለሁ" አለ። "ሴትዮዋ አንቺ ነሽ፣ እናቴ? ላሟ የማን ናት?"

ኤብላ ዐዴይን አየች። ላሟ ቆማለች ለማለት ያስቸግራል፤ ሳብሪን በትከሻዋ ደግፋት ነበር።

"የወንድሜ ናት" አለች።

ኦዳይ ሳማታር ቀና ብለው አዩዋት። ያውቋታል፤ አባቷንም ያውቁ ነበር። "ኤብላ ካለች ነው" አሉ። "ግን ሰው እየተነጫነጨ ነውና፣ ሁሉም እንዲሰማ በመሐላ አድርጊው።"

መሐላ አልጠበቀችም ነበር። ወደ ወንድሟ ዞረች። ወንድሟ መሬት መሬት ያያል።

"ወላሂ፣ ላሟ የዐብዲናስር ናት።"

"ሰማችሁ?" አሉ ኦዳይ ሳማታር ወደ ሕዝቡ ዞረው።

"ሰማን" አለ ሕዝቡ።

ሣሩም ፉርሽካውም ተሰጠ። በመንገድ ላይ ዐብዲናስር እጇን ይዞ "አባዮ፣ የዛሬውን ነገር እስክሞት አልረሳውም" አላት። እውነቱን ነው፣ አልረሳውም።

ኤብላ ጅግጅጋ ተመልሳ የመሐላ ጾም ጾመች። በሐሰት የማለ ሰው በጾም ይታረቃል፤ እሷም ሳትቀንስ ሳታጓድል ጾመችው። ንጋቷ ቁርስ ስትጋብዛት እምቢ ስላለቻት ጠየቀቻት፣ ኤብላም ነገሩን ሁሉ ነገረቻት።

"ከአላህ ጋር ያለውን ጨርሻለሁ" አለች።

"ከሰው ጋር ያለውስ?"

"ሰውየው ወንድሜ ነው እኮ፣ ንጋቷ።"

ንጋቷ ወደ ድስቷ ተመለሰች። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚለው ተረት ምላሷ ላይ መጥቶ እንደነበር በኋላ ነው ለሰው ያወራችው።

ዐዴይ ዳነች። የዐብዲራሺድ ሁለቱም ላሞች ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት የጉ የሚባለው የበልግ ዝናብ እንደ ድሮው ዘነበ፤ ሜዳው አረንጓዴ ሆነ፣ ዐዴይም በጊዜዋ ሴት ጥጃ ወለደች። ኤብላ ይህን በስልክ ስትሰማ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ግቢዋ ውስጥ የነበረውን በረት ጠረገች፣ የወደቀውን አጥር አቆመች፣ ለንጋቷም "ከእንግዲህ የገዛ ላሜን ወተት ነው የማመጣልሽ" አለቻት።

ዐብዲናስር ግን ነገሩን ያጓትት ጀመር። መጀመሪያ ጥጃዋ ትጠንክር አለ። ቀጥሎ መንገዱ ጭቃ ነው አለ። ከዚያ ስልክ አላነሣ አለ። ኤብላ ሄደች።

ሻይ አፈሉላት፣ ወተት ሞልተው ሰጧት። የዐዴይን ወተት! እንግዳ ሆና ጠጣችው። ከዚያ ላሟን ልትወስድ ገመዱን ስትጠይቅ ሳብሪን ናት የተናገረችው።

"ያን ጊዜ ጠዋት ጠዋት ላሟን በገመድ እያነሣሁ የማቆማት እኔ ነበርኩ። ከቦቴው ውሃ ተሸክሜ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አንቺ ከተማ ነበርሽ።"

"ድካምሽን አልካድኩም" አለች ኤብላ። "ጥጃዋን ውሰዱ፣ ላንቺ ይሁን። ላሜን ስጡኝ።"

"የትኛዋን ላምሽን?" አለ ዐብዲናስር። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያናደዳት። "አባዮ፣ በሰው ፊት፣ በሽማግሌ ፊት፣ በመንግሥት ፊት ምለሽ የዐብዲናስር ናት ብለሻል። ዛሬ ላሟ ከደጄ ስትወጣ ያየ ሰው ምን ይለኛል? መኖውን ሰርቆ በላ ነው የሚለው። ደግሞም የሰው ናት ብሎ መማል ያው መስጠት ነው። እኔ ስጦታ ነው ብዬ ነው የተቀበልኩት።"

ኤብላ ሻዩን ሳትጨርስ ተነሣች።  በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ነው ይህን የሚላት።

ወደ ሽማግሌ ሄደች። ነገር ሲበላሽ የሚኬደው ወደዚያ ነው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጥላው ስር ተቀመጡ፤ ኦዳይ ሳማታር መሀል፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ዙሪያውን። ዐብዲናስር የሚለውን አለ። ከዚያ ኤብላ ተነሣች።

"አዴር" አለች፤ አጎቴ ማለት ነው። "ያን ቀን ዋሽቻለሁ። ላሟ የኔ ናት፤ ለወንድሜ ኢርማንሲ ሰጥቼው ነው። እንዳትሞትብኝ ብዬ ዋሸሁ። ለመሐላውም ጾሜያለሁ።"

 ኦዳይ ሳማታር ፂማቸውን እየነካኩ ቆዩ። እውነቱ እንደሷ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ላሟ በአይሱዙ ስትመጣ መንገድ ላይ ቆመው አይተዋታል። ግን እሳቸውም ያን ቀን "ኤብላ ካለች ነው" ብለው ለመንግሥት መስክረዋል።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ያን ቀን ምለሽ ነው የዋሸሽው ወይስ ዛሬ ነው የምትዋሺው? ሁለቱን ከአንድ አፍ ልቀበል አልችልም።"

"ያን ቀን ነው አልኩ፣ አዴር።"

በዚህ ጊዜ ከዳር የተቀመጡት ዐብዲራሺድ ተናገሩ። አልጮኹም፤ እንዲያውም ለመስማት ሰው ጠጋ ማለት ነበረበት።

"የኔ ላሞች እውነት በመናገሬ ሞቱ" አሉ። "ያንቺ በመዋሸትሽ ዳነች። እኔ አማቼን ዓይኑን ማየት አፍሬ ሐርተሼክ መሄድ ትቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ዋሽቼ ነበርና ላሜን መልሱልኝ ትያለሽ። ይመልሱልሽ ልጄ። ከዚያ በኋላ የኔንም የሚመልስልኝ ካለ ይንገረኝ።"

 ኤብላ ያን ቀን ሰልፉ ላይ በሆድዋ ሞኝ ያለቻቸውን ሰውዬ ቀና ብላ ማየት አቃታት፤ አፈረች፣ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም። መብቷ መሆኑን ታውቃለች፤ ግን በእሳቸው ፊት መብቴ ነው የሚል ቃል ከአፏ አልወጣ አለ። ተመልሳ ተቀመጠች።

ፍርዱ ያን ጊዜ አለቀ። ኦዳይ ሳማታር "የምንይዘው በወላሂ የተናገርሽውን ነው" አሉ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ተረቱ ሲወራ ደስ ይላል፣ ፍርድ ሲሆን ግን ሰው ይጎዳል። ለማስታረቅ ያህል ዐብዲናስር እኅቱን ወተት እንዳያሳጣት ተመከረ። እሺ አለ። ለትንሽ ጊዜ በወተት መኪናው ላይ ጀሪካን ይመጣላት ነበር፣ ከዚያ ቀረ።

የከፋው ይህ አይደለም። ወተት የሚጭነው ሾፌር ወሬውን ከአውበሬ ጅግጅጋ አመጣው። ኤብላ በወላሂ ዋሽታ ነበር፣ ራሷ በአፏ አመነች ተባለ። ለምን ዋሸች የሚለውን ማን ይጠይቃል? በዚያ ሳምንት አንዲት የቆየች ደንበኛዋ ጀሪካኑን ስትቀበል ክዳኑን ከፍታ በጣቷ ነክታ ቀመሰች። ቀጥሎ ሌላዋ ቀመሰች። ኤብላ ቆማ ታያቸዋለች። ያለ አንድ ጠብታ ውሃ ያመጣችውን ወተት ሰው እየቀመሰ መግዛት ጀመረ። ያልቀመሰችው ንጋቷ ብቻ ናት፤ እሷም ሰው ሁሉ እያየ ሆን ብላ ጮክ አድርጋ "ወደ ድስቱ" እያለች ትገለብጠዋለች።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጊዜው ሄደ። በ2016 መጨረሻ ላይ ደግሞ ሌላ ድጋፍ መጣ፤ ይህኛው ለከተማ ወተት አምራች ሴቶች ነው። መኖ በቅናሽ፣ የበረት ቆርቆሮ፣ የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ። ጥሩ ነገር ነው፤ ይህን ድጋፍ ከሦስት ዓመት በፊት ቢያመጡት ኤብላ ዛሬ ስንት ላም በኖራት! አሁን ግን ደንቡ ያው እንደ ደንብ ነው። ላም ለሌላት ድጋፍ የለም። በግቢዋ የምትታለብ ላም ቆማ ማሳየት አለባት።

"ከዘመድ ተዋሺ" አለቻት ንጋቷ።

"ከየትኛው ዘመድ?" አለች ኤብላ፤ ንጋቷም ደነገጠች፤ ማለት ያልነበረባትን ማለቷ ገባት።

ወሬው ግን በዚያው በሾፌሩ በኩል አውበሬ ደረሰ። አንድ ቀን ጠዋት አይሱዙ የኤብላ በር ላይ ቆመ። ዐብዲናስር ከጋቢናው ወረደ፤ ከኋላ ዐዴይ ከአዲስ ጥጃ ጋር ቆማለች። ወፍራለች፣ ፀጉሯ ያብረቀርቃል። ሰፈሩ ወጣ። የኤብላ ውሸት ስለዚህች ላም መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው፤ ሌላው የሚያየው ከገጠር ላም ጭኖ የመጣ ወንድም ነው።

"አባዮ፣ መቸገርሽን ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም" አለ ዐብዲናስር፣ ሰው እንዲሰማ። "ይህችን ላም ኢርማንሲ ሰጥቼሻለሁ። እግርሽን እስክትተክይ ጠጪያት። መልሺልኝ ብዬ አልጠይቅሽም።"

"ወንድም ማለት ይህ ነው" አለች አንዲት ጎረቤት። "አላህ እንዲህ ያለ ወንድም ይስጠን" አለ ሌላው። ዐብዲናስር ምናልባት ጸጽቶት ይሆናል፤ ምናልባት ሐኪሙና ርካሹ መኖ ታይቶት ይሆናል። ምናልባትም ሁለቱም ሆኖ፣ ራሱን ደግ ሰው አድርጎ ያምን ይሆናል። ሰው ራሱን ለማሳመን የማያደርገው የለም።

ኤብላ በሩ ላይ ቆማለች። ውሰዳት ልትለው አሰበች። ላሜን ደግሞ በውሰት አልቀበልም ልትል አሰበች፤ ይህን ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ግን ላም ከሌለ ድጋፍ የለም፤ ድጋፍ ከሌለ ደግሞ በሚመጣው ድርቅ ምንም የላትም። እውነቱንም ብትናገር፣ በመሐላ የዋሸችዋን ሴት ማን ሊያምናት ነው? ንጋቷ ከሰዉ ኋላ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች።

ኢርማንሲ የሚቀበል ሰው ገመዱን ከመያዙ በፊት ሰጪውን በሰው ፊት ይመርቃል። ሳይመርቅ የወሰደ ወተቱ አይባረክለትም ይባላል። ዐብዲናስር ገመዱን ዘርግቶ ይጠብቃል፤ ሰፈሩም የኤብላን አፍ ይጠብቃል።

"አላህ ከብትህን ያብዛልህ" አለች ኤብላ። "እጅህ ከመስጠት አይታጠፍ። ችግረኛ ዘመድ እንዲህ ደጅህ ድረስ እየመጣ ከማስቸገር አላህ ይሰውርህ።"

"አሚን" አለ ዐብዲናስር።

"አሚን" አለ ሰፈሩ።

ኤብላም እጇን ዘርግታ የራሷን ላም በውሰት ተቀበለች።